ፋይቶው ከወረቀት ሲወጣ

ጥር መጨረሻ ነበር። የአበባ ሰው ጥር መጨረሻ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የቫለንታይን ጭነት ነው። እርሻው ሌት ተቀን ይቆርጣል፣ ፓክሃውሱ ሌት ተቀን ያሽጋል። ያኔ በአንድ የጽጌረዳ እርሻ የሰነድ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ አበባው ቦሌ ካርጎ ከመድረሱ በፊት ወረቀቱ መድረሱን ማረጋገጥ ነው። ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ኤርዌይ ቢል፣ የስሪት አገር ማረጋገጫ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋይቶ፣ ማለትም የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት።

ያን ማታ የጫንነው 412 ካርቶን ነው። ፋይቶው ላይ የተጻፈው 421። ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ እጄ ላይ ተገለባበጠ። ስህተቱ የታየው ተፈርሞ፣ ማህተም ተመትቶ፣ ትራንዚተሩ እጅ ከገባ በኋላ ነው። ፋይቶ ላይ በስክሪብቶ ሰርዞ ማስተካከል የለም። ፍሉድ መቀባት የለም። አዲስ መውጣት አለበት። ቢሮው ደግሞ ተዘግቷል። አበባው ያን ማታ ሳይሄድ ቀረ፤ የሄደው በማግስቱ ነው።

አንድ ቀን ምን አላት ሊባል ይችላል። ጽጌረዳ ግን መቀስ ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ዕድሜው ይቆጠራል። ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ኮልድ ሩም ቢቀመጥ እንኳ ቆጠራው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ገዢው ቀርቶ ብርጭቆ ውስጥ ያስገባችው ሴትዮ ሳትቀር ያቺን የጎደለች ቀን ታውቃታለች። የቫለንታይን አበባ ደግሞ ቀኑ ካለፈ አለፈ። በማግስቱ ፓክሃውስ ስገባ፣ ያን ሁሉ ካርቶን ሲያስሩ ያደሩትን ሴቶች ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። አበባው እኮ ምንም አልነበረበትም። ተመርምሯል፣ ንጹሕ ነው። ያስቀረው አንድ የተገለባበጠ ቁጥር ነው።

ይህን የማነሳው የዕፅዋት ጤና ምርመራና ሰርተፊኬት ከወረቀት ወጥቶ ኤሌክትሮኒክ ይሁን የሚለው ጉዳይ የአበባ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ላኪዎች ዋና መነጋገሪያ ስለሆነ ነው። ይሁን ከሚሉት አንዱ ነኝ፤ አጥብቄም እፈልገዋለሁ። ግን ዲጂታል ማድረግ የሚባለው ነገር ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። አንዱ ወረቀቱን መቀየር ነው። ሌላው ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ምርመራ መቀየር ነው። ስንነጋገር የምሰማው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። የሚያስጨንቀኝ ግን ሁለተኛው ነው።

ደብዳቤው የማን ነው?

ፋይቶ የላኪው ሰነድ ይመስላል። የሚያመለክተው እሱ፣ የሚከፍለው እሱ፣ ይዞ የሚሄደው እሱ። በመሠረቱ ግን የእሱ አይደለም። አንድ መንግሥት ለሌላ መንግሥት የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። “ይህን ምርት መርምሬዋለሁ፤ አንተ የምትፈራው ተባይ የለበትም” የሚል ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በተፈረመው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ አገር ይህን ደብዳቤ መጻፍ የሚችል አንድ ተጠሪ ተቋም አለው። የእኛ የግብርና ባለሥልጣን ነው። ማንም ላኪ፣ ማንም የግል ላቦራቶሪ፣ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ ይህን ቃል በመንግሥት ስም ሊሰጥ አይችልም።

የወረቀቱ አሠራር ጉድለት እዚህ ላይ ነው። የሚጻጻፉት ሁለት መንግሥታት ናቸው። ፖስተኛው ግን ነጋዴው ነው። ስለ እሱ ዕቃ የተጻፈው ደብዳቤ በእሱ እጅ ይጓዛል። በመንገድ ይጠፋል። ይረጥባል። ፖስታው ከጭነቱ ተለይቶ ይቀራል። አንዳንዴም ይቀየራል። የሚያጭበረብር ሰው ማህተም ማስቀረጽና ፎርም ማሳተም አያቅተውም። ተቀባዩ አገር ይህን ስለሚያውቅ ይጠራጠራል። ሲጠራጠር ይጠይቃል። ጥያቄው በኢሜይል መጥቶ መልስ እስኪያገኝ አበባው እዚያ መጋዘን ውስጥ ይቆማል።

ኤሌክትሮኒክ ፋይቶ የሚቀይረው ይህን ነው። ደብዳቤው ከነጋዴው እጅ ይወጣል። ከሰጪው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ወደ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ራሱን ችሎ ይሄዳል። አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ እያለ ተቀባዩ አንብቦት ሊጨርስ ይችላል።

ስካን የተደረገ ወረቀት ኢ-ፋይቶ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወረቀቱን ስካን አድርጎ በፒዲኤፍ መላክ ዲጂታል የሆነ ይመስላል። ኮምፒውተር ግን ስካን የተደረገን ወረቀት የሚያየው እንደ ፎቶ ነው። 412 ይሁን 421 አያውቅም። ኪውአር ኮድ መለጠፍ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን ያሳያል። እሱም ግን መሻገሪያ ነው።

እውነተኛው ኢ-ፋይቶ ኤክስኤምኤል በሚባል ቅርጽ የተዘጋጀ መረጃ ነው። የዕፅዋቱ ሳይንሳዊ ስም የራሱ ቦታ አለው። መጠኑ፣ የተመረተበት ቦታ፣ የሚገባበት በር፣ የተደረገለት ሕክምና ካለ እሱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። “ተጨማሪ ማረጋገጫ” የሚባለው፣ ተቀባዩ አገር ለይቶ የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ያንኑ የካርቶን ቁጥር ኢንቮይሱ ላይ፣ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ፣ የፋይቶ ማመልከቻው ላይ፣ የጉምሩክ ዲክለራሲዮኑ ላይ ደጋግመን እንጽፍ ነበር። ደጋግመህ ስትጽፍ አንዷ ላይ መሳሳትህ አይቀርም። ቁጥሩ አንዴ ከፓክሃውሱ ገብቶ ሌላው ሁሉ ከዚያ ቢቀዳ ኖሮ የእኔ 421 አትወለድም ነበር።

በአገሮች መካከል ያለው መንገድም ተሠርቷል። ሃብ ይባላል። ሥራው እንደ ማዕከላዊ ፖስታ ቤት ነው። በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ሥር ተቋቁሞ የተባበሩት መንግሥታት የኮምፒውተር ማዕከል ያስተዳድረዋል። ሃቡ ፖስታውን አይከፍትም። ከማን ወደ ማን እንደሆነ ብቻ አይቶ ያደርሳል። በፊት ኬንያ ከኔዘርላንድስ፣ ከዚያ ከጀርመን፣ ከዚያ ከሌላው ጋር በየተራ የሁለትዮሽ መስመር መዘርጋት ነበረባት። አሁን አንድ ጊዜ ከሃቡ ጋር የተገናኘ አገር ሃቡ ላይ ካሉት ሁሉ ጋር መጻጻፍ ይችላል። ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ተገናኝተዋል። የራሱን ሲስተም መገንባት ለማይችል አገር ደግሞ ጌንስ የሚባል የተዘጋጀ ሲስተም አለ። ኢንተርኔትና ኮምፒውተር ካለ በቂ ነው። መጀመሪያ የሞከሩት ጋና፣ ሳሞአና ስሪላንካ ናቸው። ሳሞአ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለች ትንሽ የደሴቶች አገር ናት። ስለዚህ የአገር ትልቅነትና ትንሽነት ሰበብ አይሆንም።

ኬንያ የራሷን ሲስተም ገንብታ ከኔዘርላንድስ ጋር መለዋወጥ ከጀመረች ቆይታለች። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአፍሪካ አበባ ላኪዎች አንደኛዋ ኬንያ፣ ሁለተኛዋ እኛ ነን። የምንሸጠው ለአንድ ገበያ ነው። በ2014 በጀት ዓመት አበባ ብቻውን ለአገራችን ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ገዢው ከናይሮቢ የመጣውን ጭነት በሰዓታት አውጥቶ የእኛን ሲጠብቅ ካደረ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትዕዛዙን ወዴት እንደሚልክ መገመት አይከብድም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መረጃው ሃቡ ላይ ስለተላከ ብቻ ወረቀቱ ይቀራል ማለት አይደለም። ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲሆን ትሬሲስ ወደሚባለው የእነሱ ሲስተም ይገባል። ወረቀቱ የሚቀረው ተቀባዩ የላኪውን አገር ኤሌክትሮኒክ ማህተም ሲያምነው ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቱንም ይጠይቃል። ኤሌክትሮኒኩን ላክ፣ ወረቀቱንም አምጣ። ይህ ለላኪ ከበፊቱ የባሰ ነው፤ ሥራው ሁለት ጊዜ ሆነ። እኛው ራሳችን አገር ቤት ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን እየጠየቅን ዓመታት እንዳንቆይ እፈራለሁ። “ሲስተም ላይ ሞልተሃል? እሺ፣ አሁን ፕሪንት አድርገህ ማህተም አስመታበት” የሚለውን በስንት ቢሮ አይተናል።

እምቡጡ ውስጥ ያለው ትል

እስካሁን ያወራሁት ስለ ደብዳቤው ነው። አሁን ወደሚከብደው ልምጣ።

ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ የሚባል የእሳት ራት አለ። እርሻ ላይ በአጭሩ ኤፍሲኤም ይሉታል። አገሩ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካችን ነው። ብርቱካን፣ ቃሪያ፣ ጥጥ፣ ሮማን ይበላል። ጽጌረዳም ይበላል። አውሮፓ ውስጥ እንዳይዛመት ኅብረቱ ከሚቆጣጠራቸው ተባዮች አንዱ ነው፤ በአንድ ጭነት ውስጥ አንድ ትል ከተገኘ ጭነቱ ይያዛል።

ምርመራው ሲካሄድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ፓክሃውሱ ውስጥ ነጭ ጠረጴዛ አለ። መርማሪዋ ከተዘጋጁት ካርቶኖች የመረጠቻቸውን ታስወጣለች። የአበባውን እስር ገልብጣ ነጭ ወረቀት ላይ ታራግፈዋለች። ትሪፕስ የምትባለው ጥቃቅን ተባይ ካለች እዚያ ትወድቃለች፤ ጥቁር ሰረዝ ትመስላለች፣ ትንቀሳቀሳለች። ከዚያ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ዓይኗ ላይ አስጠግታ ቅጠሉን ከጀርባው ታያለች። ከዚያ እምቡጡን ትይዛለች። ከውጭ ደህና ነው። ቀይ፣ ጠባብ፣ ቆንጆ። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ ትፈልጋለች። ጠርጥራ አንዱን በምላጭ ለሁለት ትከፍለዋለች። ውስጡ፣ ሥሩ ጋ፣ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር። በመሀሉ አንድ ሳንቲሜትር የማትሞላ ሮዝ ትል።

የእሳት ራቷ እንቁላል ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። ጠፍጣፋ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። በዓይን አየሁት ማለት ይከብዳል። ሁሉንም እምቡጥ እንዳትከፍት፣ የተከፈተ እምቡጥ አይሸጥም። ናሙና ነው የምትወስደው። ውጭ ደግሞ የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፣ ማታ በረራ አለ። በዚህ ሁሉ መሀል “ነጻ ነው” ብላ ትፈርማለች።

ይህ ፊርማ ወረቀት ላይ ይሁን ታብሌት ላይ፣ የትሏ ጉዳይ አልተቀየረም። ታብሌቱ እምቡጥ አይከፍትም።

አውሮፓውያኑም ይህን ስለተረዱ ጥያቄያቸውን ቀይረዋል። ከሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ፣ ትሏ ካለችባቸው አገሮች ለሚገባ ጽጌረዳ ፓክሃውስ ላይ የተደረገው የመጨረሻ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ሙሉ ሰንሰለቱን ይጠይቃሉ። ወጥመድ ነበር ወይ? ግሪንሃውሱ በየጊዜው ተፈትሿል ወይ? ሲገኝ ምን ተደረገ? አበባው ከየትኛው የማምረቻ ቦታ መጣ? መለያ ኮዱ ፋይቶው ላይ መስፈር አለበት። የሚፈልጉት የአንድ ማታ ፊርማን ሳይሆን የብዙ ሳምንት ታሪክን ነው።

ያ ታሪክ የት ነው ያለው? ደብተር ላይ።

እያንዳንዱ እርሻ ስካውት የሚባሉ ልጆች አሉት። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ጠዋት በመደቦቹ መሀል ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ቅጠል ይገለብጣሉ፣ የሚያጣብቀውን ቢጫ ካርድ ይቆጥራሉ፣ በሴቷ ሽታ ወንዱን የሚስበውን የፌሮሞን ወጥመድ ከፍተው ስንት ወንድ የእሳት ራት እንደገባ ያያሉ። ከዚያ ይጽፋሉ። ግሪንሃውስ 7፣ መደብ 34፣ ወጥመድ ላይ 2። ደብተሩ በላስቲክ ተሸፍኖ ከግሪንሃውሱ በር ጀርባ በሲባጎ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ። እርጥበት አሳብጦታል። አንዳንዱ ገጽ በመድኃኒት ርጭት ደብዝዟል። የፋይቶው እውነት እዚያ ደብተር ላይ ነው ያለው። ገዢው አገር ጥያቄ ሲያነሳ ሰው ሮጦ ሄዶ ያን ደብተር ያመጣል። እየገለበጡ ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሦስት ጭነት ወጥቷል።

ስለዚህ ገንዘቡና ጉልበቱ መጀመሪያ የሚሄደው እዚህ መሆን አለበት ባይ ነኝ። በጣም ተራ በሆነ ስልክ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ግሪንሃውስ ውስጥ የሚሠራ፣ ማታ ኔትወርክ ሲገኝ ራሱ የሚልክ መተግበሪያ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ። አብዛኞቹ እርሻዎች ያሉት ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ፣ ቆቃ፣ ባቱ ነው፤ ስካውቷ በምታስብበት ቋንቋ ካልሆነ መዝገቡ የእሷ አይሆንም። እንግሊዝኛ ሳጥን ሞልታ እንድትልክ ከተገደደች ያልገባትን ነው የምትሞላው።

የቋንቋው ጉዳይ ይፈታል። የሚከብደው ሌላ ነው። ወጥመድ ላይ 2 ብላ የጻፈች ልጅ ምን ያጋጥማታል? የዚያ ግሪንሃውስ አበባ ለኤክስፖርት አይወጣም ሊባል ይችላል። ሱፐርቫይዘሩ ይቆጣል። “እርግጠኛ ነሽ? እስቲ ደግመሽ እይ” ይላል። ሁለተኛ ጊዜ 0 ብትጽፍ ማንም አይቆጣትም። ይህ በደብተር ያለ ችግር ነው፤ ወደ ስልክ ስናዛውረው አብሮን ይዛወራል። ስልኩ የሚረዳው በአንድ ነገር ነው። የገባበትን ሰዓትና ቦታ ይይዛል። የሰባት ቀን መዝገብ ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ተቀምጦ በአንድ ጊዜ የተሞላ እንደሆነ ያጋልጣል። ሌላው የአሠሪው ሥራ ነው። ትል ያገኘች ልጅ መመስገን አለባት፤ ከተቻለም ጉርሻ ይገባታል። እርሻው በር ላይ የተገኘች ትል ኪሳራዋ ጥቂት መደብ ነው። አምስተርዳም ላይ የተገኘች ትል ኪሳራዋ የአገር ነው።

የአንዱ ዳፋ

የአገር ነው ስል እያጋነንኩ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ለእያንዳንዱ ምርትና ላኪ አገር ከመቶ ስንቱ ጭነት በአካል ይፈተሽ የሚለውን የሚወስነው ቀደም ባሉት ዓመታት የተገኘውን ተባይ ቆጥሮ ነው። ቆጠራው በአገር ነው። ሃያ እርሻ ንጹሕ ሆኖ አንዱ ደጋግሞ ቢያጠፋ፣ የፍተሻው ቁጥር ለሃያ አንዱም ይጨምራል። የፍተሻ ክፍያውም፣ ሰዓቱም፣ የተበላሸው አበባም የሁሉም ይሆናል። የአንዱ ዳፋ ለሌላው ተረፈ የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ የዲጂታል መዝገብ ጥቅም ከሁሉም በላይ ይታየኛል። መረጃው ከተጠራቀመ የግብርና ባለሥልጣን መርማሪዎቹን የት እንደሚልክ ያውቃል። ሁለት ዓመት ንጹሕ የሆነውን እርሻ በወር ጥቂት ቀን፣ ባለፈው ወር ወጥመዱ የሞላበትን በየቀኑ። በወረቀት አሠራር ጎበዙም ሰነፉም እኩል ወረፋ ይጠብቃል። ጎበዙ ለጎበዝነቱ የሚያገኘው ነገር የለም። ከአውሮፓ ማስታወቂያ ሲመጣም በኮዱ ተከትሎ እስከ ግሪንሃውሱ፣ እስከ ቆረጣው ቀን መድረስ ይቻላል። ያኔ “የኢትዮጵያ ጽጌረዳ ችግር አለበት” ሲባል “ችግሩ እዚህ ጋ ነበር፣ ዘግተነዋል፣ መረጃው ይኸው” ብለን መልስ መስጠት እንችላለን። ይህን መልስ በቀናት ውስጥ መስጠት የቻለ አገርና በወራት መስጠት የቻለ አገር አንድ ዓይነት አይታዩም።

ፓስወርዱ የማን ነው?

መሠረቱ አገር ቤት የለም ማለት አይቻልም። የጉምሩክ ኮሚሽን የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት፣ ማለትም ነጋዴው የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ በአንድ ቦታ የሚጨርስበት ሲስተም፣ በ2012 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። ስለዚህ “ኤሌክትሮኒክ ፊርማ በሕግ አይታወቅም” የሚባለው ምክንያት ካለፈ ቆየ።

የሚያሳስበኝ ትንንሹ ነገር ነው። አንዱ ፓስወርድ ነው። በወረቀቱ ዘመን ማህተሙ ካዝና ውስጥ ነበር፣ ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነበር። በኮምፒውተር ዘመን ያ ማህተም ፓስወርድ ሆነ። “ዛሬ አልገባም፣ ፓስወርዴ ይኸውልህ፣ አንተ ጨርስልኝ” የሚለው ነገር በየቢሮው የተለመደ ነው፤ ሰው ለሰው ማሰብ ይመስላል። ግን መንግሥት ለመንግሥት የሚሰጠውን ቃል ለጓደኛ እንደ መስጠት ነው። አንድ ቀን ያልተመረመረ ጭነት “ነጻ ነው” ተብሎ ከሄደ ማን እንደፈረመ አይታወቅም። እያንዳንዱ መርማሪ በራሱ ስልክ በሚመጣ ኮድ ካልሆነ የማይገባበት አሠራር ከመጀመሪያው ቀን መኖር አለበት። ኋላ እናስተካክለዋለን ከተባለ አይስተካከልም።

ሌላው “ሲስተም የለም” የምትለዋ ቃል ናት። ባንክ ሄዶ “ሲስተም የለም” የተባለ ሰው ነገ ይመለሳል። አበባ ግን ነገ የለውም። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ስለዚህ ሲስተሙ በተቋረጠ ጊዜ የሚደረገው ነገር አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ስንት ደቂቃ ይጠበቃል? ወደ ወረቀት ይለፍ ብሎ የሚወስነው ማነው? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኩን የሚያነሳው ማነው? ያ የወረቀት ፋይቶ ሲስተሙ ሲመለስ እንዴት ይመዘገባል? ይህ ገጽ ተኩል የሚሆን መመሪያ ነው። ቦሌ ካርጎ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። እኔ ብሆን ሶፍትዌሩን ከመግዛቴ በፊት እሱን ነበር የምጽፈው።

መርማሪውም ራሱ አለ። ወደ እርሻው የሚሄደው በማን መኪና ነው? በላኪው መኪና ሄዶ፣ በላኪው ምሳ በልቶ፣ የላኪውን አበባ አቁም ማለት ለማንም ሰው ይከብዳል። ይህን ሶፍትዌር አይፈታውም፤ በጀት ይፈታዋል።

አበባ ያልሆነውስ?

ስለ ጽጌረዳ ብዙ ያወራሁት ስለማውቀው ነው። ትልልቆቹ የአበባ እርሻዎች ግን ኮምፒውተርም የሰነድ ሠራተኛም አላቸው፤ እንደምንም ይወጡታል። የሚያስፈራኝ የአነስተኛ ገበሬው ነገር ነው።

ከታኅሣሥ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ ለሚገባ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት በሙሉ ማለት ይቻላል ፋይቶ ይጠይቃል። ነጻ የሆኑት ፍራፍሬዎች አምስት ብቻ ናቸው፤ ሙዝ፣ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያንና ቴምር። አቮካዶ ከነጻዎቹ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቆጋ መስኖ ላይ በሩብ ሄክታር አቮካዶ የተከለ ገበሬም የዚህ ሰንሰለት አካል ነው። ፍሬው ከብዙ ጎረቤቶቹ ፍሬ ጋር ተቀላቅሎ ይሰበሰባል። የማምረቻ ቦታ ኮድ ስጥ ሲባል የማን ኮድ ይሰጣል? አንድ ሳጥን ላይ ችግር ቢገኝ የማን ማሳ ነው የሚዘጋው? የአንድ ሰው ማሳ ለይቶ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ የሁሉም ይዘጋል። ማኅበሩ ወይም ሰብሳቢው ድርጅት ከእያንዳንዱ ገበሬ ሲረከብ በዚያችው ሰዓት በሳጥኑ ላይ ቁጥር መለጠፍና በስልክ መመዝገብ ካልጀመረ ኤሌክትሮኒክ ፋይቶ ለእነዚህ ሰዎች በር የሚዘጋ ነገር ይሆናል።

በጭነት መኪና ጅቡቲ የሚገባው ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በአውሮፕላን የሚሄደው አትክልት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የተቀባዩ ጥያቄ እንደ አውሮፓ አልጠበቀም። ለዚህም ነው አንዳንዶች “ለእነሱ ወረቀቱ ይበቃል” የሚሉት። እኔ አልስማማም። ሲስተሙን ለመልመድና ስህተት ለመሥራት የሚሻለው ቦታ እዚያ ነው። መርማሪው በቀን አሥር የጅቡቲ ጭነት በታብሌት ከሠራ በኋላ የቫለንታይን ሳምንት ሲመጣ እጁ አይንቀጠቀጥም። አዲስ ሲስተምን በጥር መጨረሻ መጀመር ግን በአበባ ላይ መፍረድ ነው። ሲስተሙ ከተጀመረ በክረምት፣ ጭነቱ ቀዝቀዝ ባለበት በሐምሌና በነሐሴ ይጀመር።

በቅርቡ አንዲት የድሮ ባልደረባዬን አገኘኋት። አሁንም እርሻ ላይ ናት፤ ከስካውትነት ተነስታ የተባይ ቁጥጥር ኃላፊ ሆናለች። ስለዚህ ጉዳይ ጠየቅኳት። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ማንም ሳያዛት የየቀኑን ደብተር ገጽ በየማታው ፎቶ ታነሳዋለች። ፎልደሩ በግሪንሃውስ ቁጥር ተከፋፍሏል፤ ወደ ሦስት ዓመት የሚሆን ፎቶ አለው። “አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ ነው” አለችኝ። እስካሁን የጠየቃት የለም።